በዓልና ታክስ በአንድ ሳምንት ሲመጡ፦ አሜሪካ ለምንኖር የትኛው መንገድ ይሻላል?

በራሱ መኪና ኡበርና ሊፍት የሚነዳ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ ወይም በሌላ ሥራ በ1099 (ታክስ ሳይቆረጥ ለተከፈለ ገቢ በሚሰጠው ቅጽ) የሚከፈለው ሰው አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ታክሱን በዓመት አራት ጊዜ ከፋፍሎ እንዲከፍል ይጠበቅበታል፦ ጃንዋሪ 15፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15 እና ሴፕቴምበር 15። እነዚህን ቀኖች ከበዓሎቻችን ጎን አድርገው ይዩአቸው። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ታክሱ በስምንተኛው ቀን ይከተላል። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ታክሱ በአራተኛው ቀን ይመጣል። ፋሲካ ቦታውን ቢቀያይርም በ2026 የሚውለው ኤፕሪል 12 ነው፤ እሑድ ጾም ፈትተን ረቡዕ ታክስ እንከፍላለን ማለት ነው። የዚያው ዓመት ዒድ አልፈጥርም ማርች 20 ገደማ ስለሆነ ከዚሁ ወቅት አይወጣም።

ከአራቱ የታክስ ቀኖች ሦስቱ የሚያርፉት በዓል አካባቢ ነው። ብዙ ቤት ኤፕሪል ላይ የሚጨነቀው ገቢው አንሶ ብቻ አይደለም፤ በግ የተገዛበት ገንዘብ የታክሱ ገንዘብ ስለነበረ ነው።

በዓሉ ይቅር የሚል ምክር ከዚህ ጽሑፍ አይጠብቁ። እዚህ የተወለደ ልጅ ፋሲካ ምን እንደሆነ የሚያውቀው እኛ ቤት ባየው ልክ ነው። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ዶሮ ወጥ የቀመሰበት፣ ሀገር ልብስ የለበሰበት፣ አያቱን በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ያለበት ቀን አብሮት ያድጋል። ከዚህ በታች የማወዳድረው ለዚያው በዓልና ለዚያው ታክስ ገንዘቡ ከየት ቢመጣ እንደሚረክስ፣ ከየት ቢመጣ ደግሞ ለወራት እንደሚያስከፍል ነው።

ቁጥሮቹ የፌዴራል ናቸው። የስቴቱ ለብቻው ይታሰባል። ሜሪላንድና ዲሲ ቀናቸው ያው ኤፕሪል 15 ነው፤ ቨርጂኒያ እስከ ሜይ 1 ትታገሣለች። ዳላስ፣ ሲያትል ወይም ላስ ቬጋስ የሚኖር ሰው በሥራ ገቢው ላይ የስቴት ታክስ የለበትም።

ከሁሉ በፊት፦ ዕዳው በእርግጥ ስንት ነው?

ሾፌሮች ከሚገባቸው በላይ ሲከፍሉ ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው አንድ ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። ኩባንያው በሚልከው 1099 ላይ የሚጻፈው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው ቆርጦ ያስቀረውም እዚያው ውስጥ አለ። ወረቀቱ 48,000 ዶላር ቢልና ኩባንያው ከዚያ 12,000 ወስዶ ከሆነ፣ እጅዎ የገባው 36,000 ነው። በዓመት 25,000 ማይል ለሥራ ከነዱ ደግሞ፣ በ2025 በተፈቀደው መጠን በማይል 70 ሳንቲም ሲታሰብ 17,500 ዶላር ይቀነስልዎታል። ትርፉ 18,500 ሆነ። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው የራስ ሥራ ታክስ በዚህ ላይ 2,614 ዶላር ገደማ ይመጣል። ማይሉን ያልመዘገበና ሌላም ወጪ ማሳየት ያልቻለ ሰው ግን በ36,000ው ላይ 5,087 ገደማ ይከፍላል። ልዩነቱ ወደ 2,470 ዶላር ነው፤ የገቢ ታክሱ ገና አልተነካም። የትኛውም የበዓል ቁጠባ ይህን ያህል አያተርፍም።

ሁለት መንገድ አለ፦ በማይል ማስቀነስ፣ ወይም ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውንና የመኪናውን እርጅና ደረሰኝ ይዞ ትክክለኛውን ወጪ ማስቀነስ። ሁለቱን በአንድ መኪና ላይ በአንድ ዓመት ደርቦ መውሰድ አይቻልም። ነዳጅ የማይበላ ያገለገለ ፕሪየስ ወይም ካምሪ ይዞ ብዙ ለሚነዳ ማይሉ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ውድና አዲስ መኪና ገዝቶ ጥቂት ማይል ለሚነዳ ደግሞ ትክክለኛው ወጪ ሊበልጥ ይችላል። መኪናው የራስዎ ከሆነና ወደፊት ማይሉን የመምረጥ መብትዎን ማቆየት ከፈለጉ፣ መኪናውን ሥራ ላይ ባዋሉበት በመጀመሪያው ዓመት ማይሉን መምረጥ አለብዎት። የመንገድ ቶልና ለሥራ የተከፈለ ፓርኪንግ በየትኛውም መንገድ ለብቻው ይቀነሳል። ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ የሚያሳየው ማይል የራስዎን መዝገብ አይተካም፤ ጥሪ እየጠበቁና ወደ ተሳፋሪው እየሄዱ የነዱት እዚያ ላይ ላይኖር ይችላል። ቀኑን፣ የመነሻና የመድረሻ ማይሉን፣ ለምን እንደነዱ በየዕለቱ ይጻፉ።

አራቱ ክፍያዎች፦ ራስ መክፈል፣ በትዳር ጓደኛ ደሞዝ ማስቆረጥ፣ ወይስ ኤፕሪልን መጠበቅ?

ባለትዳር ከሆኑ፣ ታክስ አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነና ባለቤትዎ በደብሊው 2፣ ማለትም ታክስ ከደሞዝ እየተቆረጠ ተቀጥራ የምትሠራ ወይም ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ባለቤትዎ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ደብሊው 4 የሚባለውን ቅጽ ታስተካክልና ከእያንዳንዱ ደሞዝ ተጨማሪ እንዲቆረጥ ታደርጋለች። ዕዳው 2,600 ዶላር ቢሆንና ደሞዟ በየሁለት ሳምንቱ ቢመጣ፣ 26 ጊዜ 100 ዶላር ማለት ነው። ይህ መንገድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ከደሞዝ የተቆረጠን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ነቅታችሁ ብትጀምሩና በቀሩት ደሞዞች ላይ ከበድ አድርጋችሁ ብታስቆርጡ እንኳ «በጊዜው አልከፈላችሁም» የሚለው ቅጣት ሊቀርላችሁ ይችላል። ጃንዋሪ 15 ሲመጣ ገናን እንዴት እንደዋላችሁ የሚጠይቃችሁ ዕዳ የለም።

ብቻውን የሚኖር ወይም ሁለቱም በ1099 የሚሠሩ ባልና ሚስት ይህ አማራጭ የላቸውም። ለእነሱ የምመክረው አራቱን ቀኖች ረስቶ በየሳምንቱ መክፈልን ነው። አይአርኤስ በድረ ገጹ ታክሱን ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ያለ አገልግሎት ክፍያ ይቀበላል፤ ከቀኑ ቀድሞ፣ በፈለጉት ያህል ጊዜ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ኩባንያው ገንዘብዎን በሚያስገባበት ዕለት 50 ወይም 60 ዶላር ወዲያው ይላኩ። በሌላ የቁጠባ ሒሳብ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ወለድም ይገኝበታል። ነገር ግን ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ በበዓል ዋዜማ እህት ከአገር ቤት ብትደውል ያ ገንዘብ ሳይነካ ያድራል? አያድርም ካሉ ቀጥታ ለአይአርኤስ መላኩ ይሻልዎታል።

ሦስተኛው መንገድ ምንም ሳይከፍሉ ኤፕሪልን መጠበቅ ነው። ቅጣቱን ብቻ ካየነው አያስፈራም። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርብዎት ዕዳ ከ1,000 ዶላር ካነሰ፣ ወይም በዓመቱ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ታክስ ያህል ከፍለው ከሆነ ቅጣት የለም። (ገቢው ከፍ ላለ ሰው ደንቡ ይጠብቃል።) ከዚያ ካለፈም የሚታሰበው በወለድ መልክ ነው፤ በ2025 ዓመቱን ሙሉ መጠኑ 7 በመቶ ነበር። ለ2,600 ዶላር ዕዳ በእኔ ስሌት ወደ 120 ዶላር ይመጣል። ጉዳቱ ከ120ው ይልቅ ሙሉው 2,600 በፋሲካ ሳምንት በአንድ ቀን መፈለጉ ነው።

ኤፕሪል 15 ደርሶ ገንዘቡ ከሌለስ?

እዚህ ላይ ምርጫው ከባድ ነው፤ ሰው ሲፈራ ደግሞ የሚመርጠው ከሁሉ የከፋውን ነው፦ ታክሱን ሳይሠራ ዝም ይላል። 2,000 ዶላር ዕዳ አለብዎት እንበል።

ታክሱን ሳያስገቡ ከቆዩ ቅጣቱ በየወሩ ካልተከፈለው 5 በመቶ ነው፤ በወር 100 ዶላር ማለት ነው፤ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ደግሞ ከ500 ዶላር የሚበልጥ ዝቅተኛ ቅጣት አለ፤ ዕዳው ከዚያ ካነሰ ቅጣቱ የዕዳውን ያህል ይሆናል።

በጊዜው ታክሱን አስገብተው ገንዘቡን ብቻ ካልከፈሉ ግን ቅጣቱ በወር ግማሽ በመቶ ነው። በ2,000 ላይ 10 ዶላር። በላዩ ወለዱ ይጨመራል። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፦ ወረቀቱን በቀኑ ማስገባት ብቻውን ቅጣቱን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ገንዘብ የለኝም ብሎ ታክስ አለማሠራት ያለ ምክንያት አሥር እጥፍ መቀጣት ነው።

ከዚያ በኋላ ዕዳውን ቀስ በቀስ ለመክፈል ከአይአርኤስ ጋር የሚደረግ ሁለት ዓይነት ስምምነት አለ። አጭሩ እስከ 180 ቀን የሚሰጥ ሲሆን ማስጀመሪያ ክፍያ የለውም። 2,000ውን በስድስት ወር እኩል ከፍለው ቢጨርሱ፣ በወር ግማሽ በመቶውና በ2025 የነበረው 7 በመቶ ወለድ ተደምረው ወደ 75 ዶላር ያስወጣሉ። ረጅሙ በየወሩ ከባንክ በቀጥታ የሚቆረጥ ነው፤ በኢንተርኔት ሲያመለክቱ ማስጀመሪያው 22 ዶላር ነው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ይቀርለታል። ታክሱን በቀኑ ላስገባ ሰው በዚህኛው ስምምነት ወርሃዊው ቅጣት ወደ ሩብ በመቶ ይወርዳል። ዕዳው ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ ሁለቱንም ሰው ፊት ሳይቀርቡ በድረ ገጹ ማመልከት ይቻላል።

ክሬዲት ካርድስ? ወለዱ 24 በመቶ ከሆነ ያው 2,000 በስድስት ወር 140 ዶላር ወለድ ይበላል፤ ታክስን በካርድ የሚቀበሉት ኩባንያዎች የሚወስዱት ሁለት በመቶ ገደማ ሲጨመር 180 ይጠጋል። ስለዚህ ካርዱ የአጭሩ ስምምነት ከሁለት እጥፍ በላይ ያስከፍላል።

ከዚህ የሚከተለውን በግልጽ ልበለው። ለበዓሉ 400 ዶላር ጎድሎብዎት ምርጫው «ካርድ ልምዘዝ ወይስ ከታክሱ ገንዘብ 400 ልውሰድና ቀሪውን በስምምነት ልክፈል» ከሆነ፣ በሒሳብ ሁለተኛው ይረክሳል። ይህን የምለው ታክሱ በቀኑ ለሚገባና ስምምነቱ ወዲያው ለሚፈረም ሰው ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚደገም ልማድ መሆን የለበትም፤ የረጅም ጊዜ ስምምነት ላይ ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ዕዳ ቢያመጣ የመጀመሪያው ስምምነት ሊፈርስበት ይችላል። ጊዜ የሚያራዝመው ቅጽ እስከ ኦክቶበር 15 የሚያቆየው ወረቀቱን እንጂ ክፍያውን እንዳልሆነም ብዙ ሰው አያውቅም።

ሪፈንድ ለሚጠብቁ

በሆቴል፣ በአየር ማረፊያ፣ በፓርኪንግ፣ በነርሲንግ ሆም በደብሊው 2 ሠርተው ልጆች ለሚያሳድጉ ታክስ ማለት ተመላሽ ገንዘብ ነው። በ2025 ገቢ ላይ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሠራተኞች የሚሰጠው የታክስ ድጋፍ፣ ለአንድ ልጅ እስከ 4,328፣ ለሁለት እስከ 7,152፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ እስከ 8,046 ዶላር ይደርሳል። የልጅ ክሬዲቱ ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ 2,200 ነው። በጀቱ ለጠበበ ቤት ይህ የዓመቱ ትልቁ ገንዘብ ነው።

ኧርንድ ኢንካም ያለበትን ሪፈንድ አይአርኤስ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዳይለቅ ሕግ ይከለክለዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች መጀመሪያ ነው። በ2026 ዐቢይ ጾም የሚገባው ፌብሩዋሪ 16 ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ቤቱ በሽሮና በምስር በሚውልበት፣ የሥጋና የወተት ወጪ በሌለበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ሪፈንዱ የገባ ዕለት የፋሲካውን ወጪ ቆርጠው ለይተው ያስቀምጡ፤ በቀሪው የካርድ ዕዳ ካለ እሱን ይዝጉ። ካርዱን ሳይዘጉ ገንዘብ ቁጠባ ውስጥ ማኖር 24 በመቶ እየከፈሉ 4 በመቶ መቀበል ነው።

ገና ሲቃረብ «ሪፈንድዎን ዛሬ ይውሰዱ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይበዛሉ። ይህ በሪፈንዱ ላይ የሚሰጥ ብድር ነው። አንዳንዱ እውነትም ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ታክሱን እነሱ ዘንድ ማሠራት ግድ ነው፣ የማሠሪያው ዋጋም እዚያው ላይ ነው። ወረቀት ሳይፈርሙ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የማሠሪያውን፣ ክፍያውን ከሪፈንድ ላይ ለመቁረጥ የሚጠየቀውንና ብድሩን ጨምሮ በጠቅላላ ስንት ይቆረጥብኛል? ከዚያ ከነፃው አገልግሎት ጋር ያወዳድሩ። ቪታ በሚባለው ፕሮግራም አይአርኤስ ያሠለጠናቸው ፈቃደኞች በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከላት ገቢያቸው ከ60 እስከ 70 ሺህ ዶላር ለማይበልጥ ሰዎች በነፃ ይሠራሉ። ታክሱ በኤሌክትሮኒክ ገብቶ ገንዘቡ ቀጥታ ባንክ ሲገባ በአብዛኛው ከ21 ቀን አይበልጥም። ለሦስት ሳምንት ብሎ ከሪፈንዱ ጥቂት መቶ ዶላር ማስቆረጥ አይገባም። የቪታ ድክመቱ የኡበር ሒሳብ ነው፤ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የራስ ሥራን የሚቀበሉት ቀለል ያለና ኪሳራ የሌለበት ከሆነ ነው። ለሾፌር በአማርኛ ተግባብቶ ማይሉን በደንብ የሚጠይቅ አካውንታንት ዋጋውን ያወጣል።

የትኛውንም አካውንታንት ሲመርጡ ሁለት ነገር ይዩ። ክፍያውን በሪፈንዱ መቶኛ የሚያሰላ ከሆነ ይተዉት። በሠራው ወረቀት ላይ ስሙንና አይአርኤስ የሰጠውን የታክስ አዘጋጅ ቁጥር አስገብቶ የማይፈርም ከሆነ ጨርሶ አይቅረቡት። ኢትዮጵያ የሚኖሩ እናትና አባትን «ዲፔንደንት» (በታክሱ ላይ የሚመዘገብ ጥገኛ) አድርጌ ላስገባልዎት የሚል አለ። ዜጋ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ካልሆኑ፣ በየወሩ ቢጦሯቸውም ሕጉ አይፈቅድም፤ የተለየው ካናዳና ሜክሲኮ ለሚኖሩ ብቻ ነው። የዘመድ ልጅ «ተውሶ» ማስገባትማ የባሰ ነው። ሕጉን በግዴለሽነት የጣሰ ሰው ኧርንድ ኢንካምን ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ያደረገው ለ10 ዓመት ይከለከላል። አካውንታንቱ ሄዶ ይረሳል፤ ዕዳው የሚቀረው በቤተሰቡ ላይ ነው።

ትልቅ ሪፈንድ ይሻላል ወይስ እቁብ?

ብዙ ሰው ከደሞዙ ሆን ብሎ በብዛት ያስቆርጥና ሪፈንዱን እንደ ቁጠባ ያየዋል። ክሬዲቱ የሚመጣው በሪፈንድ ብቻ ስለሆነ እሱን ትተን፣ በትርፍ የተቆረጠውን እንመልከት። ገንዘቡ አንድ ዓመት ያለ ወለድ ይቀመጣል፤ የሚመጣበትንም ቀን እርስዎ አይወስኑም። እቁብም ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ዕጣው ቀድሞ ከወጣ ገንዘቡ ቀድሞ ይገኛል፣ ችግር የገጠመው ሰው ደግሞ ሰብሳቢውን አናግሮ ከባለ ዕጣው ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። በዚህ አገር ያሉ እቁቦች የሚቆሙት በመተማመን ስለሆነ ለዓመታት ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ብቻ ይግቡ። እኔ ለበዓል እቁብን፣ ለታክስ ግን ከላይ ያልኩትን ሳምንታዊ ክፍያ እመርጣለሁ፤ የእቁቡ ዕጣ ከኤፕሪል በኋላ ቢወጣ ታክሱ አይጠብቅም።

አንድ አደጋ አለ፣ ማንም ስለማይነግረን እዚህ እጽፈዋለሁ። የእቁብ ገንዘብ ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው ባንክ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ተራ አሠራር ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ከሆነ ምንም አያመጣም። ሪፖርቱን ፈርቶ 9,000ና 4,000 እያደረጉ ከፋፍሎ ማስገባት ግን በራሱ ወንጀል ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ያስገቡ፣ የእቁቡንም ዝርዝር ያስቀምጡ።

ድግሱ ላይ

ለፋሲካ ቅርጫ፣ ለገና ዶሮ። ምርጫዬ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አለኝ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። ስምንት ወይም አሥር ቤተሰብ ተሰብስቦ ከእርሻ የገዛው በሬ ድርሻ ፍሪዘር ገብቶ በእነዚያ ሳምንታት ይበላል፣ ሱቅ የመሄድ ወጪውም ይቀንሳል። ከገና በኋላ ግን የረቡዕና የዓርብ ጾም ይመለሳል፣ ዐቢይ ጾምም ሩቅ አይደለም፤ ያን ሁሉ ሥጋ ሳይበሉት ሁዳዴ ሊገባ ይችላል። ፍሪዘር የሌለው ቤትም ቅርጫ አያዋጣውም። ትንሽ ቤተሰብ ከሆነ አንድ በግ ለሁለት መካፈል ይበቃል።

እርሻው ሲደውሉ የፓውንዱን ዋጋ ከመጠየቅ ቀድመው ዋጋው በቁሙ ነው፣ ታርዶ በተሰቀለው ክብደት ነው፣ ወይስ በተቆራረጠው ሥጋ የሚለውን ይጠይቁ። በሬ ታርዶ ሲሰቀል ከቁም ክብደቱ ወደ 60 በመቶ ይመዝናል፤ በግ ግማሽ ያህል ነው። ከዚያም አጥንትና ስብ ይወጣል። በቁሙ ርካሽ የመሰለው ዋጋ በሥጋው ሲሰላ ከሉካንዳው ሊበልጥ ይችላል።

ለዶሮ ወጥ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ለስላሳ ዶሮ ሽንኩርቱ ሳይበስል ይፈራርሳል። በእስያና በላቲን ገበያዎች የሚገኘው ጠንካራው፣ እንቁላል ሲጥል የኖረው ዶሮ ወጡን ይችላል፤ ጣዕሙም ወደ አገር ቤቱ ይቀርባል። ቅቤ ተነጥሮ የተሸጠውን ከመግዛት ጨው የሌለውን ቅቤ በብዛት ገዝቶ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በበሶብላ ቤት ማንጠር ይረክሳል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ሽንኩርት ሲያቁላላ ሌሊቱን ከሚጨርስ ቤቷ ሠርታ ከምትሸጥ እናት ድስቱን ቢያዝ አልነቅፈውም፤ ገንዘቡም እዚያው ማኅበረሰባችን ውስጥ ይቀራል።

ለልጆች ስጦታ አጭር ምክር፦ ገናችን ጃንዋሪ 7 መሆኑ እዚህ ጥቅም አለው። ዲሴምበር 25 ላይ አንድ ነገር ብቻ ይስጡ፤ ቀሪውን ከዲሴምበር 26 በኋላ ዋጋ ሲወርድ ገዝተው ለገና ያቆዩላቸው።

አገር ቤት መላክ

ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ የሚላክ ገንዘብ 1 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለበት። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ በተሰጠ ዴቢት ካርድ በስልክ መተግበሪያ ሲላክ ይህ ታክስ የለም። ሱቅ ሄዶ በእጅ ከመላክ በስልክ መላኩ አሁን በግልጽ ይሻላል። ክሬዲት ካርድም ከታክሱ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ካርድ ሰጪዎች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ስለሚቆጥሩት ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ አይጠቀሙበት።

ሁለት አገልግሎቶችን ሲያወዳድሩ «ያለ ክፍያ» የሚለውን ይዝለሉትና 200 ዶላር ብልክ ተቀባዩ እጅ ስንት ብር ይገባል የሚለውን ብቻ ይዩ። ብር ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ምንዛሪው ከአንዱ ላኪ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ትርፋቸው ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በየላኩበት ቋሚ ክፍያ የሚጠየቁ ከሆነ ደግሞ ለእናት፣ ለእህትና ለአክስት ሦስት ጊዜ ከመላክ ለአንዷ ልኮ እንድታከፋፍል ማድረግ የሁለቱን ክፍያ ያስቀራል። በጉን ከዚህ ከፍሎ አዲስ አበባ ቤታቸው ድረስ የሚያስረክብ አገልግሎትም አለ፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት ገበያ ከመውጣት ያድናቸዋል። ለሌላው ግን ገንዘቡ ይሻላል፤ በጉ ስንት እንደሚያወጣ ገበያው መሐል ያለ ሰው ከእኛ የተሻለ ያውቃል።

ለወላጅ የላኩት ገንዘብ ከታክስ አይቀነስም፤ በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 19,000 ዶላር ድረስም ማስታወቅ አያስፈልግም። አገር ቤት ላለ ገዳም በቀጥታ የላኩት ስዕለትም አይቀነስም። እዚህ በሕግ ለተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሰጡት ግን ይቀነሳል። ከ2026 ጀምሮ ወጪያቸውን በዝርዝር የማያስገቡ ሰዎችም በገንዘብ ከሰጡት ላይ ነጠላ ከሆኑ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ እስከ 2,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጡ የጽሑፍ ደረሰኝ ግድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ሒሳብ ሹም ታክሱን ከማስገባትዎ በፊት ይጠይቁት።